የቀድሞው ወይስ ዳግም የተሠራው? በአንድ ርዕስ የሚጠሩ የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልሞችን ለመምረጥ የሚረዳ ንጽጽር

የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም ለማየት የተዘጋጀ ሰው በአንድ ርዕስ ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስትና አራት ፊልሞች ተደርድረው ያገኛል። አንዱ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ተዋናዮቹን ዛሬ የሚያውቃቸው ጥቂት ሰው ነው። ሌላው በቀለም የተሠራና ስሙ የገነነ ተዋናይ ፖስተሩን የሞላው ነው። ብዙው ሰው ሁለተኛውን ይመርጣል፤ በዚህ ዘርፍ መሣሪያው በተሻሻለ ቁጥር ፊልሙም ይሻሻላል የሚለው ግምት ያለ ማስረጃ እንኳ አሳማኝ ይመስላልና። ፊልሞቹን ጎን ለጎን ያየ ሰው ግን ግምቱ አብዛኛውን ጊዜ እንደማይሠራ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ በሚገባ እንደሚሠራ ይገነዘባል። ይህ ንጽጽር ሁለቱን ሁኔታዎች ለመለየት የሚረዱ መመዘኛዎችን አስቀምጦ አምስት የፊልም ርዕሶችን በእነዚያ መመዘኛዎች ይመረምራል።

በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የፊልም ፍጻሜ መግለጽ ግድ በሚሆንበት ቦታ አስቀድሜ አሳስባለሁ።

መመዘኛዎቹ

ከሁሉ የሚበልጠው መመዘኛ ፊልሙ የቆመበት ጥያቄ ነው። ዘመን ተሻግረው የሚታዩ የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልሞች ላይ ያለውን የጠፈር መንኮራኩርና ሮቦት ገልጠን ብናይ፣ ከሥሩ የተሠሩበትን ዘመን ሰው እንቅልፍ የነሳ አንድ ፍርሃት እናገኛለን። ዳግም ለመሥራት የተነሣ ሰው ሁለት መንገድ አለው፤ ወይ የራሱን ዘመን ፍርሃት ይዞ ይመጣል፣ ወይ የድሮውን ፍርሃት አዲስ ልብስ አልብሶ ያቀርባል። ሁለተኛውን መንገድ የመረጠ ከቀድሞው ፊልም ጋር መፎካከር ይከብደዋል፤ የመጀመሪያው ሠሪ ፍርሃቱን ከአደባባይ ሰምቶት ነበር፣ እሱ ግን ከፊልም ነው የሰማው።

ሁለተኛው መመዘኛ ፊልሙ ለተመልካቹ ምናብ የሚተወው ቦታ ነው። ገንዘብና መሣሪያ ያጠራቸው ዳይሬክተሮች ማሳየት ያልቻሉትን ነገር በድምፅ፣ በጥላና በተዋናይ ፊት ለማሳወቅ ተገደዋል። ሁሉን ማሳየት የሚችል ዳይሬክተር ግን የትኛውን እንደማያሳይ በገዛ ፈቃዱ መወሰን አለበት፤ ይህ ደግሞ ብዙ ሚሊዮን ዶላር ከወጣ በኋላ ቀላል ውሳኔ አይደለም።

ሦስተኛው የእይታ ሥራው አረጃጀት ነው። የ1950ዎቹ የእይታ ብልሃት እንዳረጀ ማንም አይክድም፤ መጠየቅ ያለበት እንዴት እንዳረጀ ነው። ከላስቲክ፣ ከእንጨትና ከፕላስተር የተሠራ ነገር እውነት ባይመስልም ካሜራው ፊት የቆመ፣ ብርሃን ያረፈበትና ተዋናዩ በእጁ የሚነካው ነገር ስለሆነ፣ ተመልካች የመድረክ ተውኔትን ጌጥ እንደሚቀበል ሁሉ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ይለምደዋል። የኮምፒዩተር ምስል ግን ፍጹም እውነት መስሎ ለመታየት የሚጥር በመሆኑ፣ ዓመታት አልፈው ጥረቱ ሲነቃበት የሚተርፈው ነገር ትንሽ ነው።

አራተኛው ፍጻሜው ሲሆን፣ አምስተኛው ፊልሙ ከተመልካቹ የሚጠይቀው ጊዜ፣ ትዕግሥትና ዕድሜ ነው። የተዋንያን ዝናና የቲኬት ገቢ ግን ከመመዘኛዎቹ ውጪ ሆነዋል። ከዚህ በታች ከሚነሡት ዳግም ስሪቶች ሁለቱ ከወጪያቸው ከሁለት እጥፍ በላይ አስገብተዋል፤ ዛሬ ስማቸው የሚነሣው ግን ባብዛኛው ከቀድሞዎቹ ጋር ለማነጻጸር ነው።

«ዘ ዴይ ዚ ኧርዝ ስቱድ ስቲል»፦ 1951 እና 2008

ርዕሱ «ምድር ቀጥ ብላ የቆመችበት ቀን» እንደ ማለት ነው። ይህን ጥንድ ከሌሎቹ አስረዝሜ የማየው፣ ቀድሞ የተሠራው ለምን እንደሚጸና ከማንኛውም ጥንድ በላይ ስለሚያሳይ ነው።

ዳይሬክተር ሮበርት ዋይዝ ፊልሙን ለሕዝብ ያቀረበው የኮሪያ ጦርነት እየተካሄደ፣ ሶቪየት ኅብረትም የመጀመሪያውን የአቶም ቦምብ ከሞከረች ሁለት ዓመት ሲሞላት ነው። መነሻው በ1940 የታተመ የሃሪ ቤትስ አጭር ልብ ወለድ ነው። ክላቱ የተባለ ሰው መሳይ እንግዳ ጎርት ከሚባል ግዙፍ ሮቦት ጋር ዋሽንግተን መሐል ያርፋል፤ ለፕሬዚዳንቱ ያመጣውን ስጦታ ሲያወጣ አንድ የደነገጠ ወታደር መሣሪያ መስሎት ይተኩስበታል። የዓለም መሪዎች መልእክቱን ለመስማት የት እንደሚሰበሰቡ እንኳ መስማማት ሲያቅታቸው፣ እንግዳው ከሆስፒታል ያመልጥና አንዲት መበለት ከልጇ ጋር በምትኖርበት ቤት ክፍል ተከራይቶ የሰውን ልጅ ከቅርብ ለማየት ይወስናል።

የፊልሙ ኃይል የሚመነጨው ከዚህ ውሳኔ ነው። ከ92 ደቂቃዎቹ ብዙዎቹ የሚያልፉት በቁርስ ጠረጴዛ ዙሪያ፣ አባቱን በጦርነት ያጣ ልጅ እንግዳውን ይዞት በሚሄድበት የአርሊንግተን መቃብርና በሊንከን መታሰቢያ ፊት ነው። በምድር ላይ ሊፈርድ የመጣው ዳኛ ማስረጃ የሚሰበስበው ከቤተ መንግሥት ሳይሆን ከአንድ ልጅ ጋር ከተማ እየዞረ ነው። ክላቱን የተጫወተው ማይክል ሬኒ ለአሜሪካ ተመልካች ብዙም የማይታወቅ እንግሊዛዊ ስለነበር፣ ከሌላ ፊልም የተረፈ ጥላ ፊቱ ላይ አልነበረም። የ2008ቱ ክላቱ ኪያኑ ሪቭስ ግን የገባበት ክፍል ሁሉ የቀድሞ ፊልሞቹን አብሮ ይዞ ይገባል፤ ሆን ተብሎ የተሰጠው ቅዝቃዜም እንግድነት ከመምሰል ይልቅ ርቀት ሆኖ ይቀራል።

ርዕሱን የሰጠው ትዕይንት ደግሞ በጣም ጥቂት ወጪ የጠየቀ ነው። ክላቱ ኃይሉን ለማሳየት በመላው ዓለም ለግማሽ ሰዓት ኤሌክትሪክ እንዲቋረጥ ያደርጋል፤ ሆስፒታሎችና በአየር ላይ ያሉ አውሮፕላኖች ግን አይነኩም። ፍንዳታ የለም፣ የሚፈርስ ሕንፃ የለም። የቆሙ መኪናዎች፣ የተዘጋ ሊፍት፣ ግራ የገባቸው ሰዎች ይታያሉ፤ በቃ። ሆስፒታሎቹን የማረው ያ አንድ ዝርዝር ከማንኛውም ውድመት የበለጠ ያስፈራል፤ ይህን ያህል መርጦ ማቆም የሚችል ኃይል መርጦ ማጥፋትም እንደሚችል ተመልካቹ በራሱ ይደርስበታልና።

ስለ ጎርት አሠራር አንድ ነገር ልጨምር። በልብሱ ውስጥ ያለው ሎክ ማርቲን የተባለ እጅግ ረጅም ሰው ነው። ሮቦቱ መገጣጠሚያ የሌለው አንድ ወጥ ብረት መስሎ እንዲታይ ሁለት የላስቲክ ልብሶች ተሠርተው ነበር፤ አንዱ ከፊት፣ ሌላው ከኋላ የሚዘጋ ሲሆን፣ ካሜራው በቆመበት ወገን መዝጊያው እንዳይታይ እየተቀያየሩ ይለበሳሉ። በትኩረት ያየ ሰው ጉልበቱ አካባቢ ላስቲኩ ሲጨማደድ ያገኘዋል። ሆኖም የበርናርድ ኸርማን ሙዚቃ፣ በተለይ ሳይነካ የሚጮኸው ቴርሚን የተባለ የኤሌክትሪክ መሣሪያ፣ ያንን ጭምዳድ ያስረሳል። በአንድ ፊልም ሁለት ቴርሚን ማጫወት በጊዜው ደፋር ምርጫ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ድምፁ የጠፈር እንግዳ መታወቂያ እስኪሆን ድረስ ሌሎች ቀድተውታል።

ጉድለት የለውም ማለት ግን አይደለም። ወታደሮቹና ባለሥልጣናቱ ከካርቶን የተቆረጡ ያህል ግትር ናቸው፤ የመዝጊያው ንግግርም ስብከት ነው። የክላቱ ከሞት መነሣት ለጊዜው ብቻ እንደሆነና የሕይወት ሥልጣን የልዑል መንፈስ መሆኑን የሚገልጸው ዓረፍተ ነገር የገባው በዘመኑ የፊልም ሳንሱር ግፊት ነው፤ ሲሰማም እንደ ተለጠፈ ያስታውቃል።

ከዚህ ቀጥሎ የሁለቱም ፊልሞች ፍጻሜ ይገለጻል፤ ማወቅ የማይፈልግ ወደ ቀጣዩ ርዕስ ይለፍ።

የ1951ዱ ክላቱ መልእክት ሲጠቃለል፣ ሌሎቹ ዓለማት ሰላም ያገኙት ጠብ አጫሪን ሁሉ ያለ ይግባኝ የሚያጠፉ እንደ ጎርት ያሉ ሮቦቶችን ፖሊስ አድርገው በመሾማቸው ነው፤ ምድርም ከሁለት አንዱን፣ ይህን ሰላም ወይም ጥፋትን፣ ትምረጥ የሚል ነው። በመጀመሪያ እይታ ይህ የሰላም ጥሪ ይመስላል። በሁለተኛው እይታ ግን፣ በማይቀለበስ ማሽን ሥር የሚገኝ ሰላም ሰላም ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ይነሣል፤ ፊልሙም አይመልሰውም። ክላቱ መልስ ሳይጠብቅ ይሄዳል። ፊልሙ እስከ ዛሬ የሚያከራክረው በዚህ ነው፤ ለሰላም ወዳዶችም፣ ሥልጣንን ለሚጠራጠሩም የሚይዙት ነገር ይሰጣቸዋል።

የስኮት ዴሪክሰን የ2008 ስሪት በመጀመሪያው መመዘኛ ሲታይ ጥሩ ይነሣል። የኒውክሌርን ፍርሃት በአካባቢ ውድመት ተክቷል፤ ይህ የራሱ ዘመን ፍርሃት ነው። በቀድሞው ፊልም ጸሐፊ የነበረችው ሔለን በጄኒፈር ኮኔሊ ተይዛ ሳይንቲስት ሆናለች፤ ይህም ግልጽ መሻሻል ነው። ችግሩ አዲሱን ፍርሃት በንግግር ብቻ መያዙ ነው። ሰዎች ምድርን እየገደሉ እንደሆነ ይነገረናል እንጂ የደረቀ ወንዝ ወይም የተመናመነ ደን ፊት ቆመን አናይም። ክላቱም ከሰዎች ጋር አይኖርም፤ ከአሳዳጆች ይሸሻል። ስለዚህ የሰውን ልጅ ለማጥፋት የወሰነው ዳኛ በአንድ መቃብር አጠገብ እናትና ልጅ ሲተቃቀፉ አይቶ ሐሳቡን ሲለውጥ፣ ለውጡ የሚሰማን ጽሑፉ ስላዘዘው ነው። ጎርት ብረት የሚበሉ ጥቃቅን ሮቦቶች መንጋ ይሆናል፤ መንጋው ለመሥራት ከጎርት ልብስ እጅግ የበለጠ ወጪ እንደጠየቀ አያጠራጥርም፣ ሆኖም የሚያስፈራ ፊት የለውም። በቀድሞው ግማሽ ሰዓት የነበረው መቋረጥ እዚህ መጨረሻ ላይ ይመጣና በምድር ያለው የኤሌክትሪክ ቴክኖሎጂ ሁሉ ይቆማል። ሆስፒታሎቹስ? ፊልሙ ይህን ሳይጠይቅ ያልቃል።

«ፕላኔት ኦፍ ዚ ኤፕስ»፦ 1968 እና 2001

በፍራንክሊን ሻፍነር የተሠራው የ1968ቱ ፊልም መነሻ ፈረንሳዊው ፒየር ቡል በ1963 ያሳተመው ልብ ወለድ ነው። በመጽሐፉ ዝንጀሮዎቹ የሚኖሩት መኪናና ዘመናዊ ከተማ ባለበት ዓለም ነው፤ ያንን መገንባት ውድ በመሆኑ የፊልሙ ጽሑፍ ተቀይሮ መንደሩ ከድንጋይ የተፈለፈለ የሚመስል ኋላ ቀር ሰፈር ሆነ። እጥረቱ ፊልሙን ጠቀመው። በሳይንስና በሃይማኖት መካከል የሚነሣው ክርክር፣ ሰውን የሚመረምረው ሸንጎ፣ እውነቱን እያወቀ የሚደብቀው ሊቅ፣ ሁሉም በዚያ ጥንታዊ በሚመስል ዓለም ውስጥ ክብደት አገኙ።

የ2001ዱ የቲም በርተን ስሪት በአንድ ነገር በግልጽ ይበልጣል፤ እሱም የሪክ ቤከር የፊት ሥራ ነው። ጆን ቻምበርስ ለ1968ቱ የክብር ኦስካር ያስገኘለት ሥራ ለጊዜው ድንቅ ቢሆንም፣ የቤከር ዝንጀሮዎች ከንፈርና ቅንድብ የሚናገር ነው። ከዚያ ውጪ ግን አንዲት ለውጥ ፊልሙን ከመሠረቱ ናደችው። በቀድሞው ፊልም የዚያ ፕላኔት ሰዎች አይናገሩም፤ ቻርልተን ሄስተን የሚጫወተው ጠፈርተኛም ጉሮሮው ቆስሎ ለረጅም ጊዜ ዝም ስለሚል፣ ድምፁ በመጀመሪያ የወጣበት ቅጽበት ዝንጀሮዎቹን ብቻ ሳይሆን ተመልካቹንም ያስደነግጣል። በ2001ዱ ሰዎቹ ሁሉ ይናገራሉ። መናገር የተለመደ ከሆነ ዘንድ ድንጋጤው ከየት ይመጣል? የቀረው ማሳደድና ጦርነት ነው።

የ1968ቱን ፍጻሜ እዚህ አልጽፍም። አደራ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዲስኩን የሚገዛ ሰው ሽፋኑን በደንብ አይመልከት፤ ሻጮቹ የፊልሙን ትልቁን ምስጢር ሽፋኑ ላይ ያተሙባቸው እትሞች አሉ። የ2001ዱም በድንገተኛ ነገር ይዘጋል፤ ድንገተኛነቱ ግን ካለፈው ታሪክ የሚፈልቅ ስላልሆነ ተመልካቹን ግራ አጋብቶ ይተወዋል።

«ኢንቬዥን ኦፍ ዘ ቦዲ ስናቸርስ»፦ 1956 እና 1978

እዚህ ላይ ሚዛኑ ይስተካከላል። ዶን ሲገል በ1956 የሠራው የ80 ደቂቃ ፊልም በአንዲት ትንሽ የካሊፎርኒያ ከተማ ሰዎች ዘመዶቻቸው «እነሱ አይደሉም» ማለት ሲጀምሩ ይነሣል። ከኮሚኒዝም ፍርሃት ጋርም፣ ኮሚኒስት አደናው ከፈጠረው የጅምላ ታዛዥነት ጋርም የሚያያይዙት አሉ፤ ፊልሙ ለሁለቱም ንባብ ይመቻል። የሚጎዳው ስቱዲዮው ጨለማውን ለማለዘብ ያስገባው መግቢያና መዝጊያ ነው፤ ዋናውን ታሪክ እንደ ትዝታ ተረክ አድርጎ ያሳርፈዋል።

የፊሊፕ ካውፍማን የ1978 ፊልም ታሪኩን ወደ ሳን ፍራንሲስኮ አምጥቶ ጥያቄውን ቀየረው። በትንሽ ከተማ ጎረቤት ሲለወጥ ይታወቃል፤ ጎረቤቱን በማያውቅ ትልቅ ከተማ ግን ሰው ተለውጦ ቢውል ማን ያስተውላል? ዶናልድ ሰዘርላንድ የጤና ጥበቃ ተቆጣጣሪ ሆኖ ወዳጆቹን ለማዳን ሲሮጥ፣ ታዋቂ የሥነ ልቦና ሐኪም ደግሞ ፍርሃቱን ሁሉ በጨዋ ቋንቋ እያስረዳ ያደነዝዛል። በቀድሞው ፊልም መሪ ተዋናይ የነበረው ኬቨን ማካርቲ ለአፍታ ብቅ ብሎ በጎዳና ላይ ይጮኻል፤ ሲገል ራሱም የታክሲ ሹፌር ሆኖ ይታያል። ፍጻሜው ከ1956ቱ የበለጠ ምሕረት የለሽ ነው። የ2007ቱ «ዚ ኢንቬዥን» ኒኮል ኪድማንና ዳንኤል ክሬግ ቢኖሩበትም መቅረት የሚችል ነው።

«ዘ ቲንግ»፦ 1951 እና 1982

ዳግም ስሪቱ ያለ ክርክር የሚያሸንፍበት ጥንድ ይህ ነው። በጆን ካምቤል የ1938 ታሪክ ውስጥ ያለው ፍጡር የማንንም ሰው መልክ መያዝ ይችላል። የ1951ዱ ፊልም፣ ክሪስቲያን ናይቢ ዳይሬክተር፣ ሃዋርድ ሆክስ ፕሮዲዩሰር የሆኑበት፣ ይህን ሐሳብ ትቶ ከዕፅዋት ወገን የሆነ ደም ጠጪ ግዙፍ ሰው አደረገው። የሚወደድ ፊልም ነው፤ ንግግሩ ፈጣን፣ የሰዎቹ ጓደኝነት ሞቅ ያለ ነው። ጆን ካርፔንተር በ1982 የተተወውን ሐሳብ አንሥቶ አንታርክቲካ ላይ በበረዶ የተከበቡ ወንዶች እርስ በርስ እንዳይተማመኑ አደረጋቸው። የሮብ ቦቲን ከላስቲክና ከፈሳሽ የተሠሩ አስፈሪ ፍጡሮች ካሜራ ፊት የቆሙ ስለነበሩ እስከ ዛሬ ያስደነግጣሉ። ሲወጣ ተቺዎች ናቁት፤ ስሙ የገነነው ቆይቶ ነው።

የዴቪድ ክሮነንበርግ የ1986 «ዘ ፍላይ»ም ከ1958ቱ ቀዳሚው ጋር ሲነጻጸር እንዲሁ ነው፤ የተተወውን ዕድል አንሥቶ ሌላ ጥያቄ አደረገው። ዳግም ስሪት የሚሳካው ቀዳሚው ክፍተት ትቶለት ሲሆን ይመስለኛል። የ1951ዱ «ዘ ዴይ ዚ ኧርዝ ስቱድ ስቲል» እንዲህ ያለ ክፍተት አልተወም።

«ሶላሪስ»፦ 1972 እና 2002

ሁለቱም መነሻቸው የስታኒስላቭ ሌም የ1961 ልብ ወለድ ነው። የአንድሬ ታርኮቭስኪ ፊልም 167 ደቂቃ ይወስዳል፤ በቶኪዮ አውራ ጎዳናዎች የተቀረጸ፣ መኪና ብቻ ለደቂቃዎች የሚነዳበት ትዕይንት አለው። ያንን ትዕይንት በጸጥታ ያለፈ ሰው ቀሪውን ይወደዋል፤ ያልቻለ ደግሞ ራሱን አይውቀስ። የስቲቨን ሶደርበርግ ስሪት በ99 ደቂቃ ጆርጅ ክሉኒን ይዞ የሚስቱን ሞት ባልረሳ ሰው ኀዘን ላይ ብቻ ያተኩራል፤ ጠባብ ቢሆንም ሐቀኛ ነው።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| ርዕስ | ዓመት | ርዝመት (በደቂቃ ገደማ) | ጥያቄው | የእይታ ሥራው ዛሬ | ብልጫ |
|---|---|---|---|---|---|
| ዘ ዴይ ዚ ኧርዝ ስቱድ ስቲል | 1951 | 92 | በማስፈራራት የመጣ ሰላም | ያረጀ፣ ክብሩን የጠበቀ | በግልጽ ይበልጣል |
| | 2008 | 104 | የአካባቢ ውድመት፣ በንግግር ብቻ | ውድ፣ የማይታወስ | — |
| ፕላኔት ኦፍ ዚ ኤፕስ | 1968 | 112 | ማን ነው አውሬ? | የተለመደ ጭንብል | በግልጽ ይበልጣል |
| | 2001 | 119 | ያው፣ ላልቶ | የፊት ሥራው የላቀ | — |
| ኢንቬዥን ኦፍ ዘ ቦዲ ስናቸርስ | 1956 | 80 | የጅምላ ታዛዥነት | ቀላልና በቂ | እኩል |
| | 1978 | 115 | የትልቅ ከተማ ብቸኝነት | አሁንም የሚያስጨንቅ | እኩል |
| ዘ ቲንግ | 1951 | 87 | የውጭ ጠላት | ደካማ | — |
| | 1982 | 109 | ማንን ልመን? | እጅግ የጸና | በግልጽ ይበልጣል |
| ሶላሪስ | 1972 | 167 | ሕሊናና ትዝታ | ዘመን የማይነካው | ትዕግሥት ላለው |
| | 2002 | 99 | ኀዘን | የተጣራ | ጊዜ ላጠረው |

ለማን የትኛው?

አንድ ምሽት ብቻ ያለው ሰው የ1951ዱን «ዘ ዴይ ዚ ኧርዝ ስቱድ ስቲል» ይይ። ከአንድ ሰዓት ተኩል ብዙም አይበልጥም፤ የሚያነሣው ክርክር ግን ከዚያ የረዘመ ነው። ከልጆች ጋር ለሚያይም ይኸው ይመቻል፤ ጥይትና ሞት ቢኖርበትም ደም አይፈስበትም፤ ታሪኩ የሚታየውም በከፊል በልጅ ዓይን ነው። የ1982ቱ «ዘ ቲንግ» በአንጻሩ ለልጆች ፈጽሞ አይሆንም።

ጥቁርና ነጭ ፊልም የሚከብደው ሰው ራሱን ሳያስገድድ በ1968ቱ «ፕላኔት ኦፍ ዚ ኤፕስ» ይጀምር፤ ሙሉ በሙሉ በቀለም የተሠራ ሲሆን አካሄዱም ለዛሬ ዓይን ብዙ አይዘገይም። ሌላው አማራጭ የ1953ቱ «ዘ ዋር ኦፍ ዘ ወርልድስ» ነው፤ እሱም በቀለም የተቀረጸ ሲሆን በስፔሻል ኢፌክት ኦስካር አግኝቷል። የስቲቨን ስፒልበርግ የ2005 ስሪት ከቀድሞው ይልቅ ያስፈራል፤ በአንድ ቤተሰብ ዓይን መታየቱም ጠቅሞታል። ስለዚህ በዚያ ጥንድ ምርጫውን ለጣዕም እተዋለሁ።

ለወጣቶች ልዝብ ነገር የሚፈልግ ሰው አንዳንድ ጊዜ ዳግም ስሪቱን ለመምረጥ በቂ ምክንያት አለው። የፖል ቨርሆቨን የ1987 «ሮቦኮፕ» ለአዋቂ ብቻ ሲሆን፣ የ2014ቱ ለታዳጊዎች እንዲፈቀድ ተደርጎ ተሠርቷል። በቅናሹ የሚጠፋው ግን ደሙ ብቻ አይደለም፤ የቨርሆቨን ጭካኔ ሁሉን ለገበያ በሚያቀርብ ኩባንያ ላይ የተሰነዘረ ፌዝ አካል ነበርና ፌዙም አብሮ ይቀዘቅዛል።

በመፍራት መደሰት የሚፈልግ ለ1978ቱና ለ1982ቱ ይሂድ። ሁለቱንም ስሪቶች ለማየት ጊዜ ያለው ደግሞ ከቀድሞው ይጀምር፤ ዳግም ስሪቶች ቀዳሚው ምስጢሩ የታወቀ መሆኑን አስበው ስለሚሠሩ፣ ተገላቢጦሹ የቀድሞውን ድንጋጤ ይበላዋል።

ዲስክ ለሚገዛ ወይም ከኢንተርኔት ለሚከራይ ጥቂት ነገሮች ይቀራሉ። የ1951ዱ ፊልም ምስል ወደ ካሬ የቀረበ ቅርጽ ስላለው በሰፊ ቴሌቪዥን ላይ ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ መታየት አለበት፤ ቴሌቪዥኑ ምስሉን እየለጠጠ ከሆነ ከማስተካከያው ይጥፋ፤ አለዚያ ጎርት ረጅም መሆኑ ቀርቶ ሰፊ ይሆናል። ጥቁርና ነጭ ፊልም በኋላ በቀለም ተቀብቶ ከቀረበ ቢታለፍ ይሻላል፤ ብርሃንና ጥላው የተሰላው ለጥቁርና ነጭ ነው። የታደሰ ቅጂ ካለ ተጨማሪ ዋጋው የሚያስቆጭ አይደለም፤ ለኸርማን ሙዚቃ ብቻ እንኳ ይበቃል። የ«ሶላሪስ» ቅጂ ርዝመቱ ከ167 ደቂቃ እጅግ ካነሰ የተቆረጠ ነው፣ ወይም ሌላው ፊልም ነው። በ2011 ደግሞ በትክክል «ዘ ቲንግ» የሚል ርዕስ ያለው ሌላ ፊልም ወጥቷል፤ የካርፔንተርን ታሪክ ቀደምት ሁኔታ የሚተርክ ሲሆን፣ በእጅ የተሠሩት ብዙዎቹ ፍጡሮቹ በኋላ በኮምፒዩተር ምስል ተሸፍነዋል። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ከርዕሱ ጎን ዓመቱና የዳይሬክተሩ ስም ይታይ።